ዴክሳ፦ ካረጥን በኋላ የአጥንታችንን ነገር የሚነግረን ምርመራ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የወር አበባችሁ የቆመ እህቶቼ፣ ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ምርመራ አድርጉ። አያምም፣ መርፌ የለውም፣ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ኮከብ የያዝኩት ውጤቱ በሚነገርበት መንገድ የተነሳ ነው። ለምን እንደሆነ ከታች እደርስበታለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። እዚህ አካባቢ በዚሁ ሥራ ላይ ያላችሁ ሐበሾች ብዙ ናችሁና የምለውን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት በእግሯ ገበያ ደርሳ የተመለሰች ሴት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያዳልጣታል። ዳሌዋ ይሰበራል፣ ኦፕራሲዮን ትሆናለች፣ ብረት ይገባላታል። ከዚያ ወዲያ ዎከር የሚባለውን የብረት መደገፊያ ካልያዘች አትንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ አጥንቷ መሳሳቱን ያወቀችውም ያን ቀን ነው።

የእኔ የወር አበባ በ49 ዓመቴ ቆመ፤ አሁን 54 ሞልቶኛል። እናቴ ደሴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደጃፏ ላይ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሯል። ወላጅ ዳሌው ተሰብሮ ከሆነ ልጅም ለስብራት ይበልጥ የተጋለጠ ተደርጎ ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ሁሉ ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ የሚመከረው 65 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ያረጠችና እንደ እኔ የሚያሰጋ ነገር ያለባት ሴት ግን ከዚያ ቀደም ብላ እንድትመረመር ይመከራል። ይህን ማንም መጥቶ አይነግራችሁም። እኔ ሐኪሜን ጠየቅኋት፣ ጻፈችልኝ።

65 የሚለው ቁጥር ያንገበግበኛል። እዚህ አገር አብዛኛዋ ሴት የምታርጠው 51 ዓመት አካባቢ ነው። አጥንት ደግሞ በፍጥነት የሚሳሳው ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ከ5 እስከ 7 ባሉት በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ከአጥንቷ ጥግግት እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። 65 ሲሞላ ያ ጊዜ አልፏል። ቢያንስ ማን ቀደም ብላ መመርመር እንዳለባት ሐኪሞች ሳይጠየቁ ቢናገሩ ምን ነበረበት?

ማረጥና አጥንት ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፉለር ኦልብራይት የሚባል የቦስተን ሐኪም ሁለቱን አገናኝቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሁልጊዜ አንዱ ጥግ ይፈርሳል፣ አንዱ ጥግ ይሠራል። አፍራሽ ህዋሳት ያረጀውን ቦታ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ቆፍረው ያነሱታል። ገንቢዎቹ ያንኑ ጉድጓድ ለመሙላት 3፣ 4 ወር ይፈጅባቸዋል። ማፍረስ ፈጣን፣ መገንባት ዘገምተኛ ነው። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን የሚባለው፣ ስናርጥ የሚቀንሰው የሴት ሆርሞን ነው። የአፍራሾቹን ቁጥር ይገታል፣ ዕድሜያቸውንም ያሳጥራል፤ ገንቢዎቹን ደግሞ ያቆያቸዋል። ራንክል የሚባል አፍራሾቹን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን አለ። ኢስትሮጅን ሲቀንስ ራንክል ይበዛል። ያኔ ቁፋሮው በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይከፈታል፣ የሚሞላው ግን ከተቆፈረው ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔን በጣም ያስገረመኝ ስንት አጥንት መቀነሱ ሳይሆን ከየት መቀነሱ ነው። ከአጥንታችን 80 በመቶ ያህሉ ውጭ ያለው ጠንካራው ሽፋን ነው። የቀረው 20 በመቶ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ክፍል ነው። ይህ የውስጠኛው ክፍል ከጭቃ ቤት ቋሚና ማገር ጋር ይመሳሰላል። ከላይ ወደታች ክብደት የሚሸከሙ ቀጫጭን ቋሚዎች አሉት፤ እነሱን ጎን ለጎን ይዘው የሚያቆሙ ማገሮች አሉት። አፍራሾቹ የሚሠሩት ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ገጽ ያለው ይህ ክፍል ቀድሞ ይጎዳል። አከርካሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚሄዱት ደግሞ ማገሮቹ ናቸው። ቋሚዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ግን የሚይዛቸው የለም። አንድ ማገር ወጥቶ የቋሚው ድጋፍ የሌለው ርዝመት እጥፍ ቢሆን፣ ሳይጎብጥ መሸከም የሚችለው ክብደት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ አጥንት ሄዶ ብዙ ጥንካሬ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ጨርሶ የተበጠሰ ማገር ተመልሶ አይሠራም። ገንቢ ህዋሳት የሚሠሩት ያለ አጥንት ላይ ነው፤ ባዶ አየር ላይ መገንባት አይችሉም። አብዛኛው መድኃኒትም ቢሆን የቀረውን ያወፍራል እንጂ የጠፋውን ማገር መልሶ አይዘረጋም። የውጩም ሽፋን አይተርፍም፤ ከውስጥ በኩል ይሳሳል፣ ቀዳዳውም ይበዛል። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው።

የእጅ አንጓና አከርካሪ ቀድመው፣ ዳሌ ዘግይቶ የሚሰበረውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ምርመራው እንመለስ። የሄድኩበት ራጅና አልትራሳውንድ የሚነሳበት ማዕከል ነው። ቀድመው ደውለው በዋዜማው የካልሲየም ኪኒን እንዳልወስድ፣ ዚፕና የብረት ቁልፍ የሌለው ልብስ እንድለብስ ነገሩኝ። ስደርስ ጫማዬን አስወልቀው፣ ተረከዜን ግድግዳ አስጠግተው ቁመቴን ለኩ። ይህን የማያደርግ ቦታ ካጋጠማችሁ ለኩኝ በሉ። ብዙ የአከርካሪ ስብራት ሳይታወቅ ያልፋል። ሰው ወገቤን አመመኝ ይላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። የሚያሳብቀው የቁመት ማጠር ነው። የእኔ መንጃ ፈቃዴ ላይ ካለው አልቀነሰም፤ ተመስገን።

ቴክኒሻኗ ረጋ ያለች ሴት ናት። የአንገቴን የብር መስቀል አየችና "ወገብሽ ጋ ካልደረሰ ችግር የለውም" ብላ ራሷ ወደ ትከሻዬ ገፋ አደረገችልኝ። በጀርባዬ አስተኝታ እግሮቼን ትልቅ ስፖንጅ ላይ ሰቀለቻቸው። ይህ ወገባችን ጎድጎድ ያለበት ቦታ አልጋው ላይ እንዲያርፍ ነው። የማሽኑ ክንድ ከላዬ ቀስ እያለ አለፈ። ቱቦ ውስጥ አይከቱም፤ ኤም አር አይ ለሚያስጨንቃት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው ራጅ ይልካል፤ በሁለቱ ልዩነት ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል። ጨረሩ ከደረት ራጅ በጣም ያነሰ ነው።

ከዚያ ወደ ዳሌ ሄደች። እግሬን ወደ ውስጥ አዙራ በማሰሪያ አሰረችው። ምስሉን አየችና አልተመቻትም፤ ፈትታ፣ ትንሽ ጨምራ አዙራ እንደገና አሰረች። እግር በደንብ ካልዞረ የጭኑ አጥንት አንገት በትክክል አይታይም፣ ቁጥሩም ይዛባል። ሌላዋ ብትሆን "ይበቃል" ብላ ታልፈው ነበር። እኔ ኮከቦቹን የሰጠሁት ለእንዲህ ያለ እጅ ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ውጤቱ ፖርታል በሚባለው የሐኪም ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ገባልኝ። አከርካሪ ከዜሮ በታች 2.3፣ የጭን አጥንት አንገት ከዜሮ በታች 1.5። ከሥሩ አንድ ቃል፦ ኦስቲዮፒኒያ። ከ2 ዓመት በኋላ ይደገም። አበቃ። የደወለልኝ ሰው የለም። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ቃሉን አውቀዋለሁ። ሌላዋ እናት ግን ወይ ካንሰር ነው ብላ እንቅልፍ ታጣለች፣ ወይ ምንም የለም ብላ ትዘጋዋለች።

ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ቲ ስኮር የሚባለው ቁጥር አጥንታችሁን ከጤነኛ ወጣት ሴት አጥንት ጋር ያወዳድራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ፣ ከዜሮ በታች 1 ድረስ ደህና ነው። ከ1 አልፎ 2.5 እስኪደርስ መሳሳት የጀመረ ነው፤ ኦስቲዮፒኒያ የሚሉት ይህን ነው። 2.5 ላይና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት በሽታ ተብሎ ይጻፋል። ዚ ስኮር የሚባል ሌላ ቁጥርም አለ። እሱ ከዕድሜ እኩዮቻችሁ ጋር የሚያወዳድር ስለሆነ ደህና መስሎ አያታልላችሁ። እኩዮቻችንም እኮ አርጠዋል።

የእኔ አከርካሪ ከዳሌዬ ለምን ባሰ? ቀጠሮ ይዤ ሐኪሜን ስጠይቃት ከላይ የነገርኳችሁን ነው ያስረዳችኝ። አከርካሪ በውስጠኛው ቋሚና ማገር የተሞላ ነው። ካረጥኩ 5 ዓመቴ ነው፤ ኢስትሮጅን ሲሄድ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ ምን እየሆነ እንዳለ ይናገራሉ። ሪፖርቱ ይህን ለመጻፍ 2 መስመር ይበቃው ነበር።

ደግሞ ማሽኑ የማያየው ነገር አለ። ዴክሳ የሚነግራችሁ ስንት ማዕድን እንዳለ ነው። ማገሩ መኖር አለመኖሩን አይነግራችሁም። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው የአንዷ ውስጡ የተያያዘ፣ የሌላዋ የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። ኦስቲዮፒኒያ የተባሉ ብዙ ሴቶችም ይሰበራሉ፤ እንዲያውም የብዙው ስብራት ባለቤቶች እነሱ ናቸው፣ ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ። ከዚያው ከወገብ ምስል ላይ የውስጡን አሠራር የሚገምት ቲ ቢ ኤስ የሚባል ተጨማሪ ስሌት አለ። ሌላ ጨረር አይፈልግም፣ ሶፍትዌሩ ያላቸው ቦታዎች ይሠሩታል። ቀጠሮ ስትይዙ "ቲ ቢ ኤስ አላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የሄድኩበት አልነበረውም።

በዕድሜ ገፋ ላሉት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የ67 ዓመት እትዬ አለች፤ የጎንደር ሰው ናት። የአከርካሪዋ ቁጥር አምሮ መጣ፤ የዳሌዋ ግን ከዜሮ በታች 2.7። እንዴት ሊሆን ቻለ? ወገቧ ላይ ሪህ፣ ማለትም በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት አለባት። በሪህ የበቀለው ትርፍ አጥንት በማሽኑ ዓይን ጥሩ አጥንት መስሎ ይቆጠራል። እድሜያችሁ ከገፋ ዳሌውንም ሳያዩ እንዳይለቋችሁ።

ፍራክስ ስለሚባለው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ስሌት ነው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቀድሞ ስብራት፣ የወላጅ ዳሌ ስብራት፣ ሲጋራ፣ ኮርቲዞን የሚባለውን መድኃኒት መውሰድ ይጠይቅና በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመሰበር ዕድልን በመቶኛ ይሰጣል። እዚህ አገር የዳሌው 3 በመቶ ወይም የዋና ዋናዎቹ አጥንቶች 20 በመቶ ከደረሰ መድኃኒት ይታሰባል። የአሜሪካው ስሌት ግን ዘርም ይጠይቃል። ጥቁር የሚለው ላይ ምልክት ሲደረግ፣ ሌላው መልስ ሁሉ አንድ ሆኖ፣ አደጋው ዝቅ ይላል። ሐኪሜ ሁለቱንም አድርጋ አሳየችኝ። ደሴ የተወለደች፣ እናቷ ዳሌዋን የተሰበረች፣ ግማሹን ዓመት የምትጾም ሴት በየትኛው ሳጥን ነው የምትገመተው? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

የክፍያ መጠየቂያውም ላይ ጉድ ነበር። ማዕከሉ ምክንያቱን አሳስቶ ስለሞላው ኢንሹራንሴ አልከፍልም አለ። ደወልኩ፣ አስተካከሉት፣ ተከፈለ። ሐኪማችሁ ትዕዛዙ ላይ ማረጣችሁንና የሚያሰጋችሁን ነገር በግልጽ ትጻፍ። 65 የሞላችሁና ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላችሁ በየ24 ወሩ ይሸፈንላችኋል።

ከውጤቱ በኋላስ? የእትዬ ሐኪም አሌንድሮኔት የሚባለውን በሳምንት አንዴ የሚዋጥ 70 ሚሊግራም ኪኒን አዘዘላት። አብሬያት ፋርማሲ ሄድኩ። ልጁ የእኛው ልጅ ነው።

"እናቴ፣ ይቺን ሲወስዱ ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንዳይተኙ።"

"ቡናዬንስ ልጄ?"

"ቡናው ይጠብቅዎታል። ከቡና ጋር ከወሰዱት አብዛኛው ይባክናል።"

ልክ ነው። ይህ ኪኒን በባዶ ሆድ እንኳን ተውጦ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። ቡና ወይም የብርቱካን ጭማቂ ያንኑ በ60 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ቡና ለምትል ሐበሻ ይህ መነገር አለበት። እትዬ እሁድ ታስቀድሳለች፣ ውሃ አትቀምስም። ስለዚህ ለኪኒኑ ማክሰኞን መረጠች። ልጁ ይህንን ሳይነገረው ገምቶ "ቅዳሴ የሌለበትን ቀን ይያዙ" ማለቱ ደስ አለኝ።

እኔ ደግሞ ሌሊት ሙቀት እየለቀቀብኝ አንሶላ ስቀይር ነበር የማድረው። ሐኪሜ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን አቀረበችልኝ፣ ፕሮጄስትሮን ከሚባለው ሌላ የሴት ሆርሞን ጋር። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፤ የማህፀን ሽፋን ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ በኪኒን የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጨምሮ ስላገኘ ከጊዜው በፊት ቆሟል። ብዙ ሴት ከዚያ ወዲህ ፈርታ ተወችው። በዚያው ጥናት የዳሌ ስብራት በሲሶ ያህል መቀነሱን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያወራው። የተሳታፊዎቹም አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። እኔ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ጀመርኩ። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያላት እህቴ ሌላ መንገድ ያስፈልጋታል። ዴኖሱማብ የሚባል በየ6 ወሩ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ያንን ራንክል የሚባለውን ነው የሚይዘው። እሱን ከጀመራችሁ ግን ቀጠሮ አታሳልፉ። በድንገት ሲቆም አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፣ አከርካሪም ሊሰበር ይችላል።

ጾም ላይ ነን ለምትሉ። ከ50 በላይ ለሆነች ሴት እዚህ የሚመከረው ካልሲየም በቀን 1,200 ሚሊግራም ነው። ወተትና አይብ በማይነካበት ወቅት ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ ይረዳሉ፤ ብቻቸውን ግን እዚህ ቁጥር ለመድረስ ብዙ መብላት ይጠይቃል። የቫይታሚን ዲ መጠናችሁንም በደም አስለኩ። ቆዳችን ጥቁር ነው፣ የሜሪላንድ ክረምት ደግሞ ፀሐዩ ደካማ ነው። ለእናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት "እኛ ማን ነግሮን፣ ልጄ" አለችኝ። ለእህቶቼ ሁሉ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በሚደረጉ የጤና ቀናት ተረከዝን በአልትራሳውንድ አይተው ቁጥር ለሚሰጧችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ዴክሳ አይደለም። ከላይ የነገርኳችሁ የ1994 መለኪያ ለተረከዝ አልትራሳውንድ አይሠራም። መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ለመከታተልም አይሆንም። አዲስ አበባ ያላችሁም ስትደውሉ "ማሽኑ ዳሌና አከርካሪ ያያል ወይስ ተረከዝ ብቻ?" ብላችሁ ለዩ። የሁለተኛ ጊዜ ምርመራችሁን ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ አድርጉት። ከማሽን ማሽን ቁጥሩ ስለሚለያይ፣ ቦታ ከቀየራችሁ የመጣው ለውጥ የአጥንታችሁ ይሁን የማሽኑ አይታወቅም። እኔ የምስሉን ሲዲና የማሽኑን ዓይነት ጠይቄ ይዣለሁ፤ ሳይከፈልበት ነው የሰጡኝ።